የግሪድ ኢንተርፖሌሽን በፓይተን፦ ስለ አርጊዩመንቶች ቅደም ተከተል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በነምፓይና በሳይፓይ የአየር ንብረት፣ የከፍታ ወይም ሌላ የግሪድ ዳታ ኢንተርፖሌት ለሚያደርጉ (በግሪዱ ነጥቦች መካከል ላለ ቦታ ዋጋ ለሚያሰሉ) ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ኮዱ ይሠራል፣ ኤረር የለም፣ የወጣው ቁጥር ግን የሌላ ቦታ ነው፤ አብዛኛው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው። የፈንክሽኖችንና የላይብረሪዎችን ስም እንደሚነበብ በፊደላችን ጽፈናል፤ ረጃጅሞቹን ለንባብ እንዲመቹ በሰረዝ ከፋፍለናቸዋል።

በሁሉም መልሶች የምንጠቀመው አንድ ግሪድ ነው። ኢትዮጵያን ይሸፍናል፦ ኬክሮሱ ከ15 እስከ 3 ዲግሪ ሰሜን፣ ኬንትሮሱ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ፣ እርምጃው 0.25 ዲግሪ። የኢራ5 የአየር ዳታ የሚወርደው በዚሁ እርምጃ ነው፤ ኬክሮሱም እንደዚሁ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሲቆጠር 49 ኬክሮስና 61 ኬንትሮስ ይወጣል፤ የአሬዩ ሼፕ (የረድፍና የዓምድ ብዛቱ) ስለዚህ (49, 61) ነው። የምንፈልገው ነጥብ አዲስ አበባ ነው፦ ኬክሮስ 9.03፣ ኬንትሮስ 38.74። በሙቀት ወይም በዝናብ ፋንታ ሕዋሶቹን በፈተና ቁጥር እንሞላቸዋለን፦ 100 ሲባዛ በኬክሮስ፣ ሲደመር ኬንትሮስ። ለአዲስ አበባ ትክክለኛው መልስ 941.74 ነው። ሌላ ቁጥር ከወጣ ስህተቱ የት እንዳለ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ቅደም ተከተሉ ከፈንክሽን ፈንክሽን የሚለያየው ለምንድን ነው?

ሁለት ልማዶች ስለተጋጩ ነው። በሂሳብ ኤክስ አግድም፣ ዋይ ቁም ነው፤ ነጥብ ሲጻፍ ኤክስ ይቀድማል። በማትሪክስ ግን ረድፍ ቀድሞ ዓምድ ይከተላል። ረድፍ መቁጠር ከላይ ወደ ታች መውረድ ስለሆነ የመጀመሪያው ኢንዴክስ የሚይዘው የቁሙን አቅጣጫ፣ ማለትም ዋይን ነው። አንዱ ፈንክሽን በመጀመሪያው ልማድ ይጠይቃል፣ ሌላው በሁለተኛው። ይባስ ብሎ አርጊዩመንቶቹን በአንዱ ልማድ ተቀብሎ ዳታውን በሌላው የሚጠብቅም አለ፤ ኢንተርፕ2ዲ የሚባለው አሮጌ የሳይፓይ ፈንክሽን እንደዚያ ነበር።

የጂኦግራፊ ዳታ ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይጨምራል። ሰው አፉ ላይ ኬክሮስን ያስቀድማል። የጂኦጄሰን ፋይል ኬንትሮስን ያስቀድማል። ፓይፕሮጅ (የኮኦርዲኔት መቀየሪያ ላይብረሪ) ደግሞ ኢፒኤስጂ 4326ን (የተለመደውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ሥርዓት) ስትሰጡት “ኦልዌይስ-ኤክስዋይ” የሚለውን አማራጭ ካልከፈታችሁ በቀር ኬክሮስ እንዲቀድም ይጠብቃል። የአዲስ አበባ ቁጥሮች ቢገላበጡ ኬክሮስ 38.74፣ ኬንትሮስ 9.03 ይሆናሉ፤ ቦታው ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ነው። ዳታችሁ መላውን ዓለም የሚሸፍን ከሆነ ማንም አያስቆማችሁም፤ የባሕር ላይ ሙቀት የአዲስ አበባ ነው ተብሎ ሪፖርት ውስጥ ይገባል።

ሬክት-ባይቬሪየት-ስፕላይን የዜድ ስፋት ከኤክስ ጋር አልገጠመም እያለ ኤረር ይሰጠኛል። ምን ላድርግ?

በዚህ የሳይፓይ ፈንክሽን ዜድ የሚባለው ዳታው ነው፤ “ኤክስ” ግን አግድም ማለት አይደለም። የዳታው የመጀመሪያ አክሲስ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። “ዋይ” ደግሞ ሁለተኛው አክሲስ ነው። የእኛ ዳታ (49, 61) ስለሆነ መጀመሪያ የሚገባው ኬክሮስ ነው፣ ቀጥሎ ኬንትሮስ፣ ከዚያ ዳታው እንዳለ። ኬንትሮስን ማስቀደም የግድ ከሆነባችሁ ዳታውን ትራንስፖዝ አድርጋችሁ (61, 49) አድርጉት። ሁለቱም መንገድ ልክ ነው፤ ልክ የማይሆነው ስፕላይኑን በአንዱ ሠርቶ በሌላው መጥራት ነው። ስትጠሩትም ስትሠሩት በተጠቀማችሁበት ቅደም ተከተል ጥሩት።

ኤረሩን ለማጥፋት ብዙ ሰው የሚሮጠው ወደ ሪሼፕ ነው፤ ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ትራንስፖዝ ረድፍን ዓምድ ያደርጋል። ሪሼፕ ግን ቁጥሮቹን በተቀመጡበት ተራ ይዞ በአዲስ ስፋት ይቆርጣቸዋል። ሁለት ረድፍ ያለው ትንሽ አሬይ ውሰዱ፦ [[1, 2, 3], [4, 5, 6]]። ትራንስፖዝ ሲደረግ [[1, 4], [2, 5], [3, 6]] ይሆናል። በ(3, 2) ሪሼፕ ሲደረግ [[1, 2], [3, 4], [5, 6]] ይወጣል። ሼፓቸው አንድ ነው፣ ኤረሩም ይጠፋል፤ በሁለተኛው ግን 2 በአንድ ረድፍ ከ5 ጋር መሆኑ ቀርቶ ከ1 አጠገብ ገብቷል። በካርታ ላይ ስታዩት አገሩ በሰያፍ መስመሮች የተቆራረጠ ይመስላል። እንዲህ ያለ ምስል ካያችሁ ኮዳችሁ ውስጥ ሪሼፕ ፈልጉ።

ግሪዴ ካሬ ስለሆነ ኤረር አይመጣብኝም። ደህና ነኝ ማለት ነው?

አይደለም፤ እንዲያውም የባሰ ቦታ ላይ ናችሁ። 50 በ50 የሆነ አሬይ ቢገላበጥም ባይገላበጥም ሼፑ ስለሚገጥም ፈንክሽኑ የሚይዝበት ምክንያት የለውም። ኮድ ስትሞክሩ ሆን ብላችሁ ካሬ ያልሆነ ቁራጭ ተጠቀሙ፤ ከጎን አንድ ዓምድ መቁረጥ እንኳ ይበቃል።

ኢንተርፕ2ዲ የት ሄደ? በምን ልተካው?

ሳይፓይ 1.10 ላይ፣ በ2023፣ ሊወገድ መሆኑ ተገለጸ፤ በ2024 በወጣው 1.14 ላይ ተወገደ። ስሙ አሁንም አለ፣ ሲጠሩት ግን ኤረር ይሰጣል እንጂ አይሠራም። አሮጌ ኮድ የወረሰ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ዘርዘር እናድርገው።

ኢንተርፕ2ዲ ኤክስን፣ ዋይን፣ ዜድን ተቀብሎ ዜድ በ(የዋይ ብዛት፣ የኤክስ ብዛት) እንዲመጣ ይጠብቅ ነበር። መልሱንም በዚያው ሼፕ ይመልስ ነበር። ሬክት-ባይቬሪየት-ስፕላይን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ኮዱን በትንሹ ነክቶ ለማለፍ ሁለት ትራንስፖዝ ያስፈልጋል፦ ሲገባ ዜድን፣ ሲወጣ መልሱን። አንዱን ረስታችሁ ሌላውን ብቻ ካደረጋችሁ የሚወጣው የተገለበጠ ካርታ ነው፤ የምትጠይቁት ግሪድ ካሬ ከሆነ ደግሞ ይህንንም አታውቁትም።

ይህ ብቻ አይበቃም፤ ሌሎች ሦስት ልዩነቶች አሉ። አንደኛ፣ ኢንተርፕ2ዲ ምንም ካልተነገረው ሊኒየር (በቀጥታ መስመር የሚያገናኝ) ነበር፤ ሬክት-ባይቬሪየት-ስፕላይን ምንም ካልተነገረው ኪዩቢክ (በለስላሳ ኩርባ የሚያገናኝ) ነው። የድሮውን ቁጥር ለማግኘት ኬኤክስንና ኬዋይን (የስፕላይኑን ደረጃዎች) 1 አድርጉ፤ በስማቸው ጻፏቸው፣ ምክንያቱም ከዜድ ቀጥሎ በተራ የሚመጣው አርጊዩመንት እነሱ ሳይሆኑ የወሰን ሳጥኑ ነው። ሁለተኛ፣ ኢንተርፕ2ዲ የምትጠይቁትን ኤክስና ዋይ ሳይነግራችሁ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሮ ያሰላ ነበር። የሚወርድ ኬክሮስ ሰጥታችሁት ከነበረ መልሱ በሚወጣ ቅደም ተከተል ነው የመጣላችሁ፤ አሮጌው ኮድ ውስጥ ይህን ለማካካስ የተጻፈ የመገልበጫ መስመር ሊኖር ይችላል። ስትተኩ እሱንም አብራችሁ ካላነሳችሁ አዲሱ ኮድ ዳታውን ሁለተኛ ይገለብጠዋል። ሦስተኛ፣ ዳታው በግሪድ ያልተደረደረ፣ የተበታተነ ከሆነ ሬክት-ባይቬሪየት-ስፕላይን ምትክ አይሆንም፤ ወደ ግሪድዴታ ወይም ወደ ክሎ-ቶቸር ኢንተርፖሌተር ሂዱ።

አዲስ ኮድ ከሆነ የምትጽፉት በሊኒየር ለሚበቃ ሥራ ሬጉላር-ግሪድ-ኢንተርፖሌተርን እንመርጣለን። ናን (ዋጋ የሌለው ሕዋስ ምልክት) ላለበት ዳታም የተሻለው እሱ ነው፦ በሊኒየር ሲሠራ ናኑ የሚነካው ዙሪያውን ያሉትን ነጥቦች ብቻ ነው። በሬክት-ባይቬሪየት-ስፕላይን ግን ስፕላይኑ ከመላው ዳታ በአንድ ላይ ስለሚሰላ አንድ ናን ሁሉንም ያበላሻል።

ሬጉላር-ግሪድ-ኢንተርፖሌተር ታፕልና ሊስት ስሰጠው ለምን የተለያየ መልስ ይሰጠኛል?

ሲሠራ ነገሩ ግልጽ ነው፦ አክሲሶቹ በአንድ ታፕል ይገባሉ፣ (ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ)፣ በዳታው አክሲስ ቅደም ተከተል። ኤክስና ዋይ የሚባል ስም ስለሌለው እንወደዋለን። ችግሩ ያለው በሚጠራበት ጊዜ ነው።

የምትፈልጓቸው ነጥቦች የመጨረሻ አክሲሳቸው 2 የሆነ አሬይ ሆነው መምጣት አለባቸው፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ነጥብ ነው። የሁለት አሬይ ታፕል ብትሰጡትም ይቀበላል፤ አንዱን የኬክሮሶች፣ ሌላውን የኬንትሮሶች አድርጎ ያጣምራቸዋል። ሊስት ስትሰጡት ግን ይህን አያደርግም፤ ቀጥታ ወደ አሬይ ይቀይረዋል። ሠላሳ ጣቢያ ካላችሁ (2, 30) ሼፕ ያለው አሬይ ይሆንና የመጨረሻው አክሲስ 2 ስላልሆነ ኤረር ይመጣል። ሁለት ጣቢያ ብቻ ካላችሁስ? ሼፑ (2, 2) ነው፤ ይገጥማል። ያኔ ሁለቱ ኬክሮሶች እንደ አንድ ነጥብ፣ ሁለቱ ኬንትሮሶች እንደ ሌላ ነጥብ ይነበባሉ። በእኛ ግሪድ ከወሰን ውጭ ስለሚሆን ይያዛል፤ በዓለም ግሪድ ላይ ግን ያልፋል። ኮዳችሁን በሁለት ነጥብ ሞክራችሁ “ይሠራል” ከማለታችሁ በፊት በሦስት ሞክሩት።

ከዚህ ሁሉ ለመዳን ነምፓይ ውስጥ ያለውን ኮለም-ስታክ ተጠቀሙ፦ ኬክሮሶቹን ቀድሞ፣ ኬንትሮሶቹን ቀጥሎ ሰጥታችሁት የሚወጣው (30, 2) አሬይ ለማንም አሻሚ አይደለም።

ኢንተርፕኤን ይህንኑ ሥራ በአንድ ጥሪ ይሠራል፤ ቅደም ተከተሉ አክሲሶች፣ ዳታ፣ የሚፈለጉ ነጥቦች ነው። ስለ ታፕልና ሊስት ያልነው ለእሱም ይሠራል።

ከወሰን ውጭ የሚለው ኤረር ስለሰለቸኝ አጠፋሁት። ችግር አለው?

አለው። ያ ኤረር የተገለበጠን ነጥብ ከሚይዙ ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። በእኛ ግሪድ ላይ አዲስ አበባን ገልብጣችሁ ብትጠይቁ ሬጉላር-ግሪድ-ኢንተርፖሌተር በአክሲስ 0 ከወሰን ወጥታችኋል ብሎ ያስቆማችኋል፤ 38.74 ከ15 በላይ ነውና። “ባውንድስ-ኤረር”ን ብታጠፉት ናን ይመልሳል፤ ይህም ቢያንስ ዓይን ውስጥ ይገባል። “ፊል-ቫልዩ”ን “ነን” (የፓይተን “ምንም” የሚለው ዋጋ) ብታደርጉት ግን ከግሪዱ ውጭ ቀጥሎ ያሰላና 3883.03 የሚል ቁጥር ይሰጣችኋል።

ሬክት-ባይቬሪየት-ስፕላይን ደግሞ የሚጠፋ ኤረር እንኳ የለውም። ከግሪዱ የወጣውን ነጥብ ወደ ቅርቡ ጠርዝ ይጎትተዋል። ኬክሮስ 38.74 ወደ 15፣ ኬንትሮስ 9.03 ወደ 33 ይጎተቱና መልሱ 1533 ይሆናል፤ ይህም የግሪዱ የሰሜን ምዕራብ ማዕዘን ነው፣ ከካርቱም ብዙ የማይርቅ ቦታ። ሁሉም ጣቢያዎቻችሁ አንድ ዓይነት ቁጥር ከመለሱ ይህ ነው የሆነው። በዚህ ፈንክሽን የምትሠሩ ከሆነ ከጥሪው በፊት ወሰኑን ራሳችሁ ፈትሹ።

ማፕ-ኮኦርዲኔትስ የሚሰጠኝ ቁጥር ትክክለኛ ይመስላል፣ ከጣቢያው መረጃ ጋር ግን አይገጥምም። ለምን?

ከሁሉም የሚያሰጋው ይህ ነው። የሳይፓይ ኤንዲ-ኢሜጅ ክፍል ውስጥ ያለው ማፕ-ኮኦርዲኔትስ ዲግሪ አያውቅም፤ የሚፈልገው ኢንዴክስ ነው፣ መጀመሪያ የረድፍ፣ ቀጥሎ የዓምድ። በእኛ ግሪድ የረድፉ ኢንዴክስ 15 ሲቀነስ 9.03፣ ሲካፈል ለ0.25፣ ማለትም 23.88 ነው። የዓምዱ 38.74 ሲቀነስ 33፣ ሲካፈል ለ0.25፣ ማለትም 22.96 ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ተመልከቱ። ብትገለብጧቸው ሁለቱም ከግሪዱ አይወጡም። ረድፍ 22.96 ኬክሮስ 9.26 ነው፤ ዓምድ 23.88 ኬንትሮስ 38.97 ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችኋል ማለት ነው። የፈተናው ቁጥር 964.97 ይወጣል። እውነተኛ የሙቀት ዳታ ቢሆን ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ሰውም “ሞዴሉ ትንሽ ያዳላል” ብሎ ያልፈዋል፤ ቁጥሮቹ ተገላብጠዋል ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም። በሰርዲኒያ ባሕር የወደቀው ስህተት ከዚህ ይሻል ነበር።

ሌላ የሚረሳ ነገር፦ ማፕ-ኮኦርዲኔትስ ከግሪድ ለወጣ ነጥብ ዝም ብሎ 0.0 ይሞላል። በዝናብ ዳታ ላይ ዜሮ ማለት ደረቅ ቀን ነው፤ ማንም አይጠራጠረውም። “ሲቫል”ን (የመሙያውን ዋጋ) ናን አድርጉት።

ኬክሮሱ ከ15 ወደ 3 ስለሚወርድ ኤረር ይመጣብኛል። ገለበጥኩት፣ አሁን ኤረር የለም። ጨረስኩ?

ዳታውንም አብራችሁ ገልብጣችሁ ከሆነ፣ አዎ። ሬክት-ባይቬሪየት-ስፕላይን አክሲሶቹ በጥብቅ የሚወጡ እንዲሆኑ ይጠይቃል፤ አዳዲስ የሬጉላር-ግሪድ-ኢንተርፖሌተር ቨርዥኖች የሚወርደውንም ይቀበላሉ። የሚበዛው ስህተት የኬክሮሱን አሬይ ገልብጦ የዳታውን ረድፎች መተው ነው። ያኔ አገሩ በመካከለኛው ኬክሮስ ላይ እንደ መስታወት ይገለበጣል።

እዚህ ላይ የእኛ ግሪድ መጥፎ ወጥመድ አለው። ከ3 እስከ 15 ያለው መካከል 9 ነው፣ አዲስ አበባም 9.03 ላይ ናት። ስትገለበጥ 8.97 ላይ ታርፋለች፤ ከ7 ኪሎ ሜትር ያነሰ ልዩነት ነው፣ የግሪዱን አንድ እርምጃ ሩብ አይሞላም። የፈተናው ቁጥር 941.74 መሆኑ ቀርቶ 935.74 ይሆናል። አዲስ አበባን ብቻ ፈትሾ ኮዱ ልክ ነው ያለ ሰው አይፈረድበትም። መቀሌን ግን ውሰዱ፦ 13.50 ላይ ያለችው ከተማ 4.50 ላይ፣ ከሞያሌ ወደ ሰሜን ባለው ቆላ ላይ ትገኛለች። የፈተና ነጥብ ስትመርጡ ከግሪዱ መካከል የራቀ፣ ከሰያፉም (የረድፍና የዓምድ ኢንዴክሶቹ ከሚቀራረቡበት መስመር) የራቀ ነጥብ ይሁን።

በነገራችን ላይ፣ ዳታውን ከገለበጣችሁ በኋላ በማትፕሎትሊብ ኢምሾው ብታሳዩት ካርታው ተዘቅዝቆ ይታያል። ኢምሾው ካልተነገረው ረድፍ 0ን ከላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ “ኦሪጂን”ን “ሎወር” አድርጉት። ዳታውን መልሳችሁ አትገልብጡ። ፒከለርሜሽና ኮንቱርኤፍ ኬንትሮስንና ኬክሮስን ቀድመው ስለሚቀበሉ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ዳታውን ግን በ(49, 61) ነው የሚጠብቁት፣ ማለትም ኤክስ ዓምዱ ነው።

ሜሽግሪድ የሚሰጠኝ አሬይ ከዳታዬ ጋር ለምን አይገጥምም?

ሜሽግሪድ ካልተነገረው “ኤክስዋይ” በሚለው ኢንዴክሲንግ ይሠራል፤ በዚያ ልማድ መጀመሪያ የሰጣችሁት አሬይ ዓምድ ይሆናል። ኬንትሮስን አስቀድማችሁ ኬክሮስን ካስከተላችሁ (49, 61) ይወጣል፣ ከዳታው ጋር ይገጥማል፤ የሚመለሱት ሁለት አሬዮችም ኬንትሮስ ቀድሞ፣ ኬክሮስ ተከትሎ ነው። ኬክሮስን ማስቀደም ከፈለጋችሁ “ኢንዴክሲንግ”ን “አይጄ” አድርጉት፤ ያኔም (49, 61) ይወጣል። ኬክሮስን አስቀድሞ ኢንዴክሲንጉን መርሳት ነው (61, 49) የሚያመጣው። እኛ ሁልጊዜ “አይጄ” እንጽፋለን፤ የአክሲሱ ቅደም ተከተል ከላይ እስከ ታች አንድ ስለሚሆን ጭንቅላት ያሳርፋል።

ሠላሳ ጣቢያ ሰጥቼ 30 በ30 የሆነ አሬይ መጣልኝ። ለምን?

ሬክት-ባይቬሪየት-ስፕላይን ካልተነገረው የሰጣችሁትን ኬክሮስና ኬንትሮስ እንደ ጥንድ አያያቸውም፤ ከሁለቱ አዲስ ግሪድ ይሠራል። ለዚያም ሁለቱም የተደረደሩ እንዲሆኑ ስለሚፈልግ ተራ የጣቢያ ዝርዝር ስትሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ኤረር ነው የሚመጣው። “ግሪድ”ን ፎልስ አድርጉ ወይም ኢቪ የሚለውን ሜተድ ተጠቀሙ፤ ሠላሳ ነጥብ ገብቶ ሠላሳ ቁጥር ይወጣል።

እዚያው እያላችሁ ደግሞ ዲኤክስና ዲዋይ የሚሉትን ልብ በሉ። ዲኤክስ 1 ማለት በመጀመሪያው አክሲስ አቅጣጫ የመጀመሪያ ዴሪቬቲቭ ነው። ኬክሮስን አስቀድማችሁ ከሆነ የሰሜን ደቡብ ለውጥ እንጂ የምሥራቅ ምዕራብ አይደለም። መለኪያውም በዲግሪ ነው፦ በኪሎ ሜትር ለማግኘት የኬክሮሱን ለ111 ገደማ አካፍሉ፣ የኬንትሮሱን ደግሞ ለ111 ሲባዛ በኬክሮሱ ኮሳይን።

ነምፓይ ኢንተርፕ እና ሳይፓይ ኢንተርፕ1ዲ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል አላቸው?

የላቸውም። ነምፓይ ኢንተርፕ መጀመሪያ የሚፈልገው አዲሱን ነጥብ ነው፣ ከዚያ የታወቁትን ኤክሶች፣ ከዚያ የታወቁትን ዋጋዎች። ኢንተርፕ1ዲ፣ ኪዩቢክ-ስፕላይንና ወንድሞቻቸው ኤክስንና ዋይን አስቀድመው ወስደው አዲሱን ነጥብ በኋላ ይጠይቃሉ። ከማትላብ የመጣ ሰውም የለመደው ይህንኑ ነው። ሦስቱ አሬዮች የተለያየ ርዝመት ካላቸው ነምፓይ ይይዛችኋል፤ እኩል ከሆኑ አይይዛችሁም።

ከዚህ በላይ የሚጎዳው ግን ነምፓይ ኢንተርፕ ኤክሶቹ እየጨመሩ መሄዳቸውን አለማረጋገጡ ነው። የአየር ግፊት ደረጃዎች ብዙውን ጊዜ 1000፣ 850፣ 700፣ 500 ተብለው ሲወርዱ ይጻፋሉ። እንዳሉ ብትሰጡት 600 ላይም ሆነ 900 ላይ ስትጠይቁት የ500ን ዋጋ ይመልሳል፤ ከመጨረሻው ኤክስ ስለሚበልጡ ከቀኝ ወሰን እንደወጡ ይቆጥራቸዋል። ከ500 በታች ስትጠይቁት በተቃራኒው የ1000ን ይሰጣል። ሁለቱንም አሬይ ገልብጣችሁ ስጡት።

ግሪድዴታስ?

ግሪድዴታ ለተበታተነ ዳታ ስለሆነ ኬክሮስ ይቅደም ኬንትሮስ ግድ የለውም፤ የታወቁት ነጥቦችና የሚፈለጉት ነጥቦች በአንድ ቅደም ተከተል ይምጡ እንጂ። ነጥቦቹ (ብዛት፣ 2) ይሁኑ።

ኤክስአሬይ ብጠቀም ከዚህ ሁሉ እድናለሁ?

ከአብዛኛው፣ አዎ። በዚህ ላይብረሪ አክሲሶቹ ስም ስላላቸው “ኢንተርፕ” ስትሉት ላቲትዩድ 9.03፣ ሎንጊትዩድ 38.74 ብላችሁ ነው የምትሰጡት፤ ማንኛውን ብታስቀድሙ ለውጥ የለውም። የሚወርደውን ኬክሮስም ራሱ ያስተካክለዋል። ለአዲስ ፕሮጀክት ሌላ ነገር አንመክርም።

ሁለት ቀዳዳ ግን ይቀራል። የጣቢያዎችን ኬክሮስና ኬንትሮስ በተራ የነምፓይ አሬይ ብትሰጡት እሱም 30 በ30 ግሪድ ይሠራል። ጥንድ ሆነው እንዲነበቡ ሁለቱንም “ጣቢያ” የሚል አንድ የጋራ ዳይሜንሽን ያለው ዳታአሬይ አድርጓቸው። ሁለተኛው ቀዳዳ “ቫልዩስ” ብላችሁ ወደ ነምፓይ የምትወጡበት ቅጽበት ነው፤ ስሞቹ እዚያ ላይ ይረግፋሉ። ከመውጣታችሁ በፊት ትራንስፖዝ ላይ የምትፈልጉትን ቅደም ተከተል በስም ጻፉ። ዳታው አስቀድሞ በዚያው ተራ ቢሆንም እንኳ ጻፉት፤ ነገ የሚወርደው ፋይል በሌላ ተራ ሊመጣ ይችላል።

የራሴን ፈንክሽን ስጽፍ ሌላው ሰው እንዳይሳሳት ምን ላድርግ?

በስም ካልሆነ የማይቀበል አድርጉት። በፓይተን 3 በአርጊዩመንቶቹ ዝርዝር ውስጥ አንዲት ኮከብ ብታስቀምጡ ከእሷ ቀጥሎ ያሉት በሙሉ በስም ብቻ ነው የሚሰጡት፦

ነጥብ_ላይ(ዳታ, *, ኬክሮስ, ኬንትሮስ)

ይህን ነጥብ_ላይ(ዳታ, 38.74, 9.03) ብሎ የጠራ ሰው ወዲያው ኤረር ያገኛል። ስሞቹን በግዕዝ ፊደል መጻፋችን ለማስረዳት ብቻ አይደለም፤ ፓይተን 3 ይቀበላቸዋል። ለቡድን ሥራ ግን አንመክረውም፦ “ሰ” እና “ሠ” ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ስለሆኑ ኬክሮስ እና ኬክሮሥ ሁለት ስም ናቸው።

ከዚያ ፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ ሁለት ፍተሻ አስገቡ፦ የዳታው ሼፕ ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ብዛት ጋር በቅደም ተከተል እኩል መሆኑን፣ የተጠየቀው ነጥብም ከግሪዱ አለመውጣቱን።

ፈተናውን በአጭሩ እንዴት ላሂደው?

እውነተኛውን ዳታ አውጥታችሁ በቦታው 100 ሲባዛ በኬክሮስ ሲደመር ኬንትሮስ የሆነውን አስገቡ፤ ኬክሮሱና ኬንትሮሱ ከፋይሉ ከራሱ ይምጡ። ኢንተርፖሌሽኑ ሊኒየርም ሆነ ኪዩቢክ ስፕላይን ይህን ዳታ ያለ ስህተት ነው የሚመልሰው፤ ስለዚህ ከዴሲማል ማጠጋጋት በስተቀር ልዩነት ካለ ጥፋቱ የኮዱ ነው። ለአዲስ አበባ 941.74 ከወጣ ለመቀሌም ጠይቁ፤ ኬክሮስ 13.50፣ ኬንትሮስ 39.47 ላይ 1389.47 መውጣት አለበት። 489.47 ከወጣ ኬክሮሱ ያለ ዳታው ተገልብጧል። 1533 ከወጣ ነጥቡ ተገላብጦ ወደ ጠርዝ ተጎትቷል። በሺዎች የሚቆጠር እንደ 3883.03 ያለ ቁጥር ከወጣ ነጥቡ ተገላብጦ ከግሪድ ውጭ ተሰልቷል።

ኦፕንሲቪ እና ፓይቶርች ላይስ?

ኦፕንሲቪ ውስጥ ሪሳይዝ የሚፈልገው ስፋትን አስቀድሞ ቁመትን አስከትሎ ነው፤ የምስሉ ሼፕ ግን ቁመት ቀድሞ ነው የሚነበበው። ሪማፕም መጀመሪያ የኤክስን፣ ቀጥሎ የዋይን ካርታ ይወስዳል። የፓይቶርች ግሪድ-ሳምፕል ዳታውን ቁመት ቀድሞ፣ ስፋት ተከትሎ ይቀበልና ነጥቦቹን ኤክስ ቀድሞ፣ ዋይ ተከትሎ ይጠብቃል፤ ያውም ከ-1 እስከ 1 በተመጣጠነ መለኪያ። በዚያ መለኪያ ከወሰን የሚወጣ የተገለበጠ ነጥብ ስለማይኖር ከላይ ያለውን የ100 ፈተና ሳታሂዱ አትለፉት።